ብረት፣ ቀበቶና ካሜራ፦ የቤተሰብ መኪና በመልካሳ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት በአዋሽ መልካሳ የሚያልፈው መንገድ የቤተሰብ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱና ከሞጆ የተነሱ መኪኖች አዳማን አቋርጠው ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይወርዳሉ፤ ከኋላ ወንበር ልጆች፣ ከዕቃ መጫኛው የዋና ልብስ፣ ሐብሐብና የምሳ ዕቃ። ላንድክሩዘሩ፣ ራቭ ፎሩ፣ ቱሳኑ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ያለ ሞተር ድምፅ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሁሉም ከጋሪና ከባጃጅ፣ ከአህያና ከሲኖትራክ ጋር አንድ መንገድ ይካፈላሉ።

መልካሳ ከአዳማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ፣ በቦሎቄና በማሽላ ዝርያዎቿ ነው። መንገዷ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በዚህ መስመር የተመላለሰ ሰው መኪናን «ይቺ ታስተማምናለች» የሚለው በምን መዝኖ ነበር? ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ ቁመትና ብረት ነበር፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቆርቆሮው የወፈረ፣ ከፊቱ የብረት መከላከያ የተገጠመለት። በእውነት ሕይወት ያተረፉት ነገሮች ግን ጨርቅ፣ አየርና ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ሆኑ። ይህ እውቀት ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ከደረሰም በኋላ ብዙ ጊዜ በወንበር ልብስ ስር ተደብቆ ይጓዛል።

አዳማን ያቆማት መኪና አይደለም፤ ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአዳማ በኩል አልፎ ሲሆን፣ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ከጣቢያው ወደ ገበያና ወደ መንደር ሰውና ዕቃ ያደረሰው ጋሪ ነበር፤ ጋሪው እስከ ዛሬም አልጠፋም። መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ያኔ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትስ በየፊናቸው ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዘው አዲስ አበባ ደርሰዋል። የዚያ ዘመን መኪና ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነበር፤ ጣሪያና የፊት መስታወት ደግሞ እንደ ተጨማሪ ምቾት ይታዩ ነበር። የተሳፋሪው ደህንነት ገና የመሐንዲሶች ዋና ጉዳይ አልነበረም።

በጣሊያን ወረራ ዓመታት መንገዱ ሰፋ፤ ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪኖች በረከቱ፤ በአዳማ፣ በሞጆና በአዋሽ ጋራዦች ተከፈቱ። ጣሊያኖቹ ከተሸነፉም በኋላ በየጋራዡ የቀሩት መካኒኮች ሙያውን ለአገሬው ልጆች አስተማሩ። ፍሬን ማስተካከል፣ ፍሪሲዮን መቀየር፣ ካምቢዮ መፍታት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆነ። ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ በ43 ሜጋ ዋት ኃይል ተመረቀ። አገዳ የጫነው፣ ሲሚንቶ የጫነው፣ ከአሰብ ወደብ የመጣው፣ ሁሉም በአዳማ በኩል አለፈ። የቤት መኪና የነበራቸው ጥቂቶችም በዚሁ ከባድ ተሽከርካሪ መሀል ቤተሰባቸውን ይዘው ይጓዙ ጀመር።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ዛሬ ብዙ የማይወሳ ትልቅ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ሹፌሩ፣ እግረኛው፣ ጋሪ ነጂው፣ ከብት የሚነዳው እረኛ ሳይቀር የለመደውን አቅጣጫ መለወጥ ነበረበት። ይህ ለውጥ በመንገድ ደህንነት ታሪካችን ከሚገባው በታች ቦታ ተሰጥቶታል። አንድ አገር ሙሉ ሕይወቱ የተመሠረተበትን ልማድ በአንድ ቀን መቀየር እንደሚችል ያኔ ታይቷልና። ኋላ ቀበቶ የማሰር ልማድ ለማስረጽ ዓመታት ሲፈጅ፣ «ሕዝቡ አይለምደውም» የሚለው ምክንያት ለምን እንደማያሳምን የሚነግረንም ይኸው የሰኔ 1 ቀን ነው።

ስዊድንም መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛወረችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967 ነው። በዚያው ዓመት የስዊድን ባለሙያዎች አሰላን ማዕከል አድርገው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅትን፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለውን፣ ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አዳማንና መልካሳን አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣው ነው። ማዳበሪያው፣ የተሻሻለው የስንዴ ዘርና ባለሙያዎቹ በዚህ መንገድ ተመላለሱ።

በመኪና ደህንነት ታሪክ ትልቁን ምዕራፍ የከፈተችውም ይህችው ስዊድን ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ዛሬ በሁሉም መኪና ላይ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ ሠራ። ቦህሊን ወደ ቮልቮ ከመምጣቱ በፊት በሳዓብ አብራሪውን ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥር ወንበር ላይ ይሠራ ስለነበር፣ የሰው አካል ድንገተኛ ግፊትን በየት በየት በኩል እንደሚችል ያውቃል። ጉልበቱን ደረትና ዳሌ ይቀበሉት፤ ሆድና አንገት ይትረፉ አለ። በአንድ እጅ የሚታሰር፣ ከትከሻ ወደ ዳሌ ወርዶ ወገብን የሚሻገር አንድ ማሰሪያ ብቻ ነው። ቮልቮ የፈጠራ መብቱን ለሁሉም አምራች ክፍት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1967ም 28,000 አደጋዎችን መርምሮ ቀበቶ ምን ያህል ሰው እንደሚያተርፍ በአሐዝ አሳየ።

ስዊድን በዚህ መስመር ላይ አሻራዋን ያኖረችው በአሰላ ብቻ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ በመንገድ ላይ የምትገኘው ቢሾፍቱ ከጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር ኃይል መፍለቂያ ነበረች፤ አየር ኃይሉን በማቋቋም ሥራ ስማቸው የሚነሳው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ናቸው። አብራሪዎቹ የሚበሩበት አውሮፕላንም ሳዓብ ነበር። እንግዲህ በቢሾፍቱ ሰማይ ላይ አብራሪው በትከሻና በወገቡ ታስሮ ሲበር፣ ከሥሩ በአስፋልቱ የሚያልፈው አባወራ ልጁን በጋቢና ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ሶደሬ ይነዳ ነበር። ሁለቱም በፍጥነት ይጓዛሉ፤ የታሰረው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ያ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ያስከፈለው ዋጋ በአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ላይ ጎልቶ ታየ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ ቮልስዋገን ቢትል መኪናውን እየነዳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በሸኖ አቅራቢያ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ እንዳለ አድሮ በማግሥቱ ተገኘ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮም ዳግመኛ ማራቶንን ያሸነፈው ሰው አከርካሪው ተጎድቶ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም። ለሕክምና ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያም ሳለ በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተሳተፈ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። አገሪቱ ስለ አበበ ስታስብ የሚታያት ሩጫው ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የእርሱ አደጋ በመንገድ ደህንነት ትምህርት ውስጥ ስፍራ ሊኖረው ይገባ ነበር። አንዲት ትንሽ መኪና ስትገለበጥ በውስጧ ያለው አካል ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ የለንም። ያ አደጋ በደረሰበት ጊዜ አሜሪካ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ቀበቶ እንዲገጠም ግዴታ ካደረገች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ቀበቶ ማሰርን በሕግ አስገደደች። በእኛ ዘንድ ቀበቶ ገና የአብራሪ ዕቃ ነበር።

ከዚያ የላንድክሩዘር ዘመን መጣ። ቶዮታ የመጀመሪያዎቹን የዚህ ዝርያ መኪኖች የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ በአዲስ አበባም ሞኤንኮ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ የቶዮታ ወኪል ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ ላንድክሩዘሮች አገሩን ሞሉት። ጭቃ የማይዘው፣ ወንዝ የሚሻገር፣ ሰው የሚያድን መኪና ተባለ፤ ክብሩም በዚያው ጸና። ኋላም ባለ ሥልጣኑ፣ ነጋዴውና ከውጭ የተመለሰው ዘመድ ለቤተሰቡ የሚመኘው ይህንኑ ሆነ። ቪ8 ላንድክሩዘር ያለው ሰው በመልካሳ ሲያልፍ የሚሰማው እርግጠኝነት ከዚያ ይመነጫል።

የፊዚክስ ሕግ ግን ለክብር አያደላም። መኪና ከፍ ባለ ቁጥር የክብደቱ ማዕከልም ከፍ ይላል፤ ሹፌሩ አህያ ላለመግጨት መሪውን ድንገት ሲጠመዝዝ ዝቅተኛው መኪና ይንሸራተታል፣ ረጅሙ ግን ይገለበጣል። ወፍራም ብረትም የሚታሰበውን ያህል አይጠብቅም። የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ገና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በግጭት ጊዜ የመኪናው አፍንጫ መጨማደድ አለበት፤ ካልተጨማደደ ግፊቱ በሙሉ ወደ ተሳፋሪው ደረት ይሄዳል። ከግጭት በኋላ «እዩት፣ ምንም አልሆነም» የሚባልለት መኪና ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ለሰው ያስተላለፈ መኪና ነው። ግሎባል ኤንካፕ የተባለው ድርጅት ለአፍሪካ ገበያ የሚሸጡ መኪኖችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በግጭት ሲፈትን ይህን በግልጽ አሳየ። ከትንንሾቹ መካከል ቼሪ ኪውኪው3 ዜሮ ኮከብ አገኘ፤ ኋላም ግዙፉና ረጅሙ የግሬት ዎል ስቲድ 5 ፒካፕ እንዲሁ ዜሮ ተሰጠው። ቁመቱም ብረቱም አልረዳውም።

የረጃጅም መኪኖች ችግር በዓለም አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አሜሪካውያን ቤተሰቦች የሚወዱት ፎርድ ኤክስፕሎረር፣ የፋየርስቶን ጎማው በሙቀትና በፍጥነት ልጣጩ እየተነሳ፣ በተደጋጋሚ ተገለበጠ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ከገበያ ተጠሩ። ለስምጥ ሸለቆ ሹፌር ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አየሩ የጎደለ ጎማ በሮጠ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር ይግላል፤ አስፋልቱ በቀትር ፀሐይ ሲነድና መኪናው ሰባት ሰውና ፖርቶ መጋላ ሙሉ ሻንጣ ሲጭን ደግሞ ይፈነዳል። ከዚያ አደጋ በኋላ አሜሪካ የጎማ አየር ሲቀንስ በዳሽቦርዱ ላይ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገች። ዛሬ ወደ ሶደሬ በሚወርዱ ብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ይቺ ቢጫ መብራት አለች። ስትበራም ጎሚስታ ዘንድ መቆም ነው እንጂ እስከ ነገ የምታቆይ አይደለችም።

መገልበጥን በእጅጉ የቀነሰው ግን ሌላ መሣሪያ ነው። ቦሽና መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስ፣ በ1995 ደግሞ በእርሱ ላይ የተመሠረተውን የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ለገበያ አቀረቡ። ይህ መቆጣጠሪያ መሪው ወዴት እንደዞረና መኪናው በእውነት ወዴት እየሄደ እንደሆነ በየቅጽበቱ ያነጻጽራል። ልዩነት ካየ ሹፌሩ ፍሬን ሳይረግጥ አንዱን ጎማ ለብቻው ይይዛል፤ መኪናውን ወደ መስመሩ ይመልሳል። ከፍ ላለ የቤተሰብ መኪና ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አልተፈለሰፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። ያገለገለ መኪና የሚገዛ አባወራ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቆዳ ወንበሩና ስለ ሬዲዮው ከመጠየቁ በፊት ስለዚህ መጠየቅ ይገባዋል።

በአንጻሩ ኤርባግ ብዙ ተወርቶለት በጥቂቱ የተረዳነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ተገጥሞ በ1990ዎቹ ተስፋፋ። ግጭቱን በሚያይ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ፣ ዓይን ከሚጨፈንበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በጋዝ ይሞላል። የተሠራው ግን ቀበቶ ላሰረ አካል ነው። ያላሰረ ሰው ኤርባጉ ገና ሲፈነዳ ወደ ፊት ተወርውሮ ያገኘዋል፤ ጋቢና ውስጥ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ደግሞ በፍንዳታው ራሱ ሊሞት ይችላል። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሌላ አደጋ አመጡ። በውስጣቸው ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ፣ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ለጥገና ተጠሩ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚነዱት የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎችም ከእነርሱ መካከል ናቸው። የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው መጀመሪያ ለገዛው ሰው ነው፤ መኪናው ከተሸጠና ባሕር ከተሻገረ በኋላ ደብዳቤው አይከተለውም። ባለቤቱ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወኪሉን ካልጠየቀ በቀር የሚነግረው የለም።

ሕጉ ዘግይቶ መጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ቀበቶ ማሰርን ደነገገ፤ እየነዱ በእጅ ስልክ ማነጋገርንም ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባም የአዳማም ሹፌር ቀበቶ ያስራል፤ አስተሳሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ለትራፊክ ፖሊስ ነው። ፖሊሱ ከሩቅ ሲታይ ይጎተታል፣ ሲታለፍ ይለቀቃል። የኋላ ወንበርማ ጨርሶ ተረስቷል። መኪናው ገና እንደተገዛ የወንበር ልብስ ይሰፋለታል፤ የቀበቶው መቆለፊያም ከልብሱ ስር ይቀበራል። ከወንበሩ ጎን የሚወጣ ኤርባግ ካለ ደግሞ በዚያው ልብስ ይታፈናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለቅጽበት ከ200 ኪሎ በላይ ጉልበት ይሆናል። የትኛዋም እናት፣ ምንም ያህል ብትወደው፣ ያንን በክንዷ አትይዘውም።

ብዙ ሹፌር ከመነሳቱ በፊት ያማትባል፤ ወይም ቢስሚላህ ይላል። ከስፖኪዮው ላይ መቁጠሪያ፣ ከዳሽቦርዱ የእመቤታችን ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ አለ። በአዲስ መኪና ላይ ጠበል ይረጫል። ጸሎቱም ቀበቶውም ከአንድ ፍቅር የመጡ ናቸውና አብረው መሄድ ይችላሉ።

በ2007 ዓ.ም. መባቻ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በይፋ ተመረቀ። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ስድስት መስመር ያለው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው። የቻይናው ሲሲሲሲ ኩባንያ ሠራው፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኘ። የቀድሞውን የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ልዩነቱን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል። በዚያ አሮጌ መስመር ከባድ መኪና ለመቅደም ወደ ተቃራኒው መስመር መውጣት የዕለት ተዕለት ውርርድ ነበርና። አዲሱ መንገድ የፊት ለፊት ግጭትን የሚከላከል አካፋይ አለው፤ እግረኛና እንስሳ እንዳይገቡም ታጥሯል። በአንጻሩ ፍጥነቱ እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ120 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው የሚይዘው ጉልበት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው።

አደገኛው ቦታ ክፍያ ተከፍሎ የሚወጣበት ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል በሰፊና በታጠረ መንገድ የበረረ ሹፌር ዓይኑ ፍጥነቱን ይለምዳል፤ 80 ቀርፋፋ ይመስለዋል። ከአዳማ ሲወጣ ግን ያው ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ፣ ያው ጋሪ፣ ያው ገበያተኛ ይጠብቀዋል። ከመልካሳ ወደ አሰላ የሚቀጥል ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወርዳል። ሙሉ ቤተሰብ የጫነ ከባድ መኪና በፍሬን ብቻ ከተያዘ ፍሬኑ ግሎ ይሰንፋል። አሮጌ ሹፌሮች «በማርሽ ያዘው» የሚሉት ምክር ከማንኛውም ኮምፒውተር በፊት የነበረ፣ አሁንም የሚሠራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ በዓመት የሚሞተውን ሰው ከ27 ሺህ በላይ ገምቷል፤ በፖሊስ የተመዘገበው ከ5 ሺህ በታች ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሆስፒታል ደርሰው፣ ወይም ሳይደርሱ፣ ከመዝገቡ ውጭ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው፤ ስለዚህ የቤተሰብ መኪና ደህንነት በውስጡ ስለተቀመጡት ብቻ ሊታሰብ አይችልም።

የመኪና ሠሪዎችም ለዚህ የሚረዱ መሣሪያዎችን መግጠም የጀመሩት በቅርቡ ነው። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤክስሲ60 በተባለው የቤተሰብ መኪናው ላይ፣ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ሲቆም ሹፌሩ ባይረግጥም ራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ገጠመ። ከዚያ ካሜራና ራዳር ተጨመረ፤ እግረኛ፣ ብስክሌት፣ በኋላም በአንዳንድ ሞዴሎች ትላልቅ እንስሳትን መለየት ቻለ። ለአርሲ መንገድ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ሆኖም ካሜራው የሚያውቀው የተማረውን ነው። የሚማረውም በአውሮፓ፣ በቻይናና በአሜሪካ መንገዶች ነው። ጭድ የጫነ የአህያ ጋሪ ማታ ያለ መብራት ሲመጣ ያውቀዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚጠብቀው መሣሪያም የሚያየው የተቀባ መስመር ነው፤ ቀለሙ በደበዘዘበት ዝም ይላል።

እነዚህ መሣሪያዎች በብዛት የገቡት በኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያረጁ መኪኖችን አስወደደ፤ ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ በማራቶን ሞተር በኩል የሃዩንዳይ መገጣጠሚያ ከከፈተ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አገር ውስጥ የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ መኪና አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱን የሞሉት በቻይና የተሠሩት ናቸው፤ የቢዋይዲ ሞዴሎች፣ የቮልስዋገን አይዲ4 እና ሰፊው አይዲ6። አይዲ4 እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓው የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ አግኝቷል። ባትሪው ከወለሉ ስር ስለተዘረጋም ረጅም ሆኖ ሳለ የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ያለ ነው፤ የላንድክሩዘሩ የቆየ ድካም እዚህ ላይ በንድፍ ተፈትቷል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ አዋሽ ከቆቃ ወርዶ በአዋሽ 2 እና በአዋሽ 3፣ እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫዎች ያልፋል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ብዙ ጊዜ ስክሪኑ በቻይንኛ ነው። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሹፌሩ ለምን እንደሚጮህ ስለማያነብ ያጠፋዋል፤ የጠፋው የትኛው እንደሆነም አያውቅም። የፊት መስታወቱ በጠጠር ተሰንጥቆ ሲቀየር ከጀርባው ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ርቀትን አሳስቶ ይለካል። ባምፐሩ ሲቀባም በውስጡ ያለው ራዳር በወፍራም ቀለም ይታወራል። የልጆች ወንበር የሚታሰርባቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች በኋላ ወንበር መጋጠሚያ ውስጥ አሉ፤ በዚያ የሚታሰረውን ወንበር ግን በብዛት የሚያመጣው ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ነው።

አዳማ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ያላት ከተማ ናት። በ1985 ዓ.ም. በከተማዋ የቀድሞ ስም የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ተቋም ዛሬ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በከተማዋ ጋራዦች ደግሞ ከጣሊያኖቹ የተማሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ይሠራሉ። የፍሬን ሸራ በእጃቸው ዳሰው የሚያውቁት እነዚህ መካኒኮች አሁን ከዩኒቨርሲቲው ወጣቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የካሜራ ማስተካከያ ሰሌዳ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጓንትና የመኪናውን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፒውተር ያስፈልጋቸዋል። የወንበር ልብስ የሚሰፋው ባለሙያም የቀበቶውን መቆለፊያና የጎን ኤርባጉን ስፌት ክፍት ትቶ ቢሰፋ ዋጋው ያው ነው።